ውሉ የጠፋ ልቃቂት

በዚህ ዓምድ ስለ ስደት ኑሮ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ዕድርና ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ተጽፏል። እኔ ለዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ አንድ ፊልም ላጫውታችሁ ነው። «ታክሲ ነጂ ስለ ሲኒማ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር መልሴ ቀላል ነው። ለንደን ውስጥ ሌሊት የሚሠራ ነጂ ከሲኒማ ቤት የሚወጣውን ሰው እያሳፈረ ስለሚኖር፣ ቢወድም ባይወድም የፊልም ሂስ ጆሮው ላይ ይወርድበታል። ባልና ሚስት የመኪናውን በር ገና ሳይዘጉ ክርክር ይጀምራሉ። እሱ «ግሩም ሥራ ነው» ይላል፤ እሷ «ማን ማንን እንደ ገደለ እንኳ አልገባኝም» ትላለች። እስኪወርዱ ድረስ ሊያስረዳት ይሞክራል፤ መንገድ አጋማሽ ላይ ግን እሱም ውሉ ይጠፋበትና «ለማንኛውም ቀረጻው ጥሩ ነበር» ብሎ ዝም ይላል።

አገር ቤት ሳለሁ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ አልተለየም። ስለዚህ ሰው የሰውን ሥራ ሲያርምና ማርክ ሲሰጥ ማየት እስከ ዛሬ ያጓጓኛል። የጋዜጣ ፊልም ሃያሲ ከመምህር የሚለየው ማርኩን በኮከብ መስጠቱ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እኔው በኮከብ የምመዘን ሰው ሆኛለሁ። ተሳፋሪው ወርዶ በሩን ከዘጋ በኋላ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ይነካል፤ እኔ አምስት ኮከብ ወይም ሁለት ኮከብ አገኛለሁ። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ከፊልም ሃያስያን ጋር ያስታረቀኝ ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሃያሲ ቢያንስ ስሙን ጽፎ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ነው የሚዘልፈው።

የማወራላችሁ ፊልም «ዘ ሎንግ ጉድ ፍራይዴይ» ይባላል። «ረጅሙ የስቅለት ዓርብ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ስቅለትን ከማለዳ እስከ ምሽት በስግደት ለሚያሳልፍ የእኛ ሰው የዚያ ዓርብ ርዝመት አዲስ ነገር አይደለም፤ ጉልበቱ ያውቀዋል። የፊልሙ ዓርብ ግን የሚረዝመው በደምና በፈንጂ ነው። የተቀረጸው በ1979 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ተከተሉኝ)። አዘጋጁ ስኮትላንዳዊው ጆን ማኬንዚ፣ ደራሲው የምሥራቅ ለንደኑ ልጅ ባሪ ኪፍ፣ ዋናው ተዋናይ ቦብ ሆስኪንስ፣ ከጎኑ ደግሞ ሄለን ሚረን። ሆስኪንስ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ የወጣ፣ ተዋናይ ከመሆኑ በፊት ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ የጭነት መኪና መንዳት የነበረ ሰው ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በባልደረባ ዓይን ነው የማየው። በኋላም በ1986 «ሞና ሊዛ» በተባለው ፊልም ሾፌር ሆኖ ሠርቶ ለኦስካር ታጭቷል።

«አይገባም» የሚለው ስሞታ የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሻንጣ ሙሉ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ሰሜን አየርላንድ ይደርሳል፤ አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው ይቆጥሩታል፤ ታጣቂዎች ድንገት ይገቡባቸዋል። ከዚያ ሬሳ። ከዚያ ለንደን። ጥቁር የለበሰች ሴት አንድ ጎልማሳ ፊት ላይ ትተፋበታለች። ማን ናት? የሞተባትስ ማን ነው? ገንዘቡስ የማን ነው? የሚያስረዳ የለም፤ ንግግር እንኳ ከስንት አንዴ ነው። ተመልካቹ ግራ ተጋብቶ ሳለ ሙዚቃው ያስተጋባና የለንደን ወንበዴዎች አለቃ ሃሮልድ ሻንድ ከኒው ዮርክ በኮንኮርድ አውሮፕላን ሂትሮው ይወርዳል። ደረቱን ነፍቶ ሲራመድ ላየው ከተማይቱን በስሙ ያስመዘገበ ይመስላል።

ሃሮልድ ከእንግዲህ ነጋዴ እንጂ ወንበዴ መባል አይፈልግም። መርከብ የራቀውን የድሮውን የለንደን ወደብ መሬት ገዝቶ ሊገነባበት አቅዷል፤ ለዚህም የአሜሪካን ማፍያ በሽርክና ሊያስገባ እንግዶች ጠርቷል። በቴምዝ ወንዝ ላይ በመርከብ ሲያንሸራሽራቸው፣ ከበስተ ጀርባው ታወር ብሪጅ እየታየ፣ ስለ ለንደን የወደፊት ዕድል ንግግር ያደርግላቸዋል። የከተማው ምክር ቤት አባል በኪሱ ነው፤ ፖሊሱም በኪሱ ነው። ታዲያ በዚያው የስቅለት ዕለት እናቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረሰው ሾፌር ከነመኪናው በፈንጂ ይነጉዳል። የልብ ወዳጁ መዋኛ ቤት ውስጥ በጩቤ ይወጋል። ቁማር ቤቱ ውስጥ ያልፈነዳ ፈንጂ ይገኛል። እንግዶቹን እራት ሊጋብዝበት የነበረው መጠጥ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ሕንፃው ዓይናቸው እያየ ይፈርሳል። ማን ነው? ሃሮልድ አያውቅም። የከተማውን ወሮበላ ሁሉ ለቅሞ ቄራ ውስጥ በሥጋ መስቀያ ቁልቁል ዘቅዝቆ ይመረምራል፤ እነሱም አያውቁም።

የነገሩ ሥር ያለው እዚያው ከራሱ ጉያ ነው። እንደ ልጁ ያሳደገው ጄፍ የሚባል ጎልማሳ ከምክር ቤቱ ሰው ጋር ተመሳጥሮ ኖሯል። የሕንፃ ሥራው የሚካሄደው በአይሪሽ ሠራተኞች ጉልበት ነው፤ ሥራው እንዳይስተጓጎል ደግሞ ለአይ አር ኤ በምስጢር ገንዘብ ይከፈላል። ሃሮልድ አሜሪካ በነበረ ጊዜ ከተላከው ገንዘብ ላይ ተነካ፤ በዚያው ሌሊት የአይ አር ኤ ሰዎች ተገደሉ፤ ጓዶቻቸውም «የሸጠን ሃሮልድ ነው» አሉ። (ምስጢሩን አወጣህብን አትበሉኝ። አርባ ዓመት ያለፈው ምስጢር ተረት ነው።)

እዚህ ላይ የመምህርነት አመሌ ተነሣ። የተማሪን ድርሰት ሳርም የተጠላለፈ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት እንደሆነ አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ብዙ ነገር አይቶ፣ ያየውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊናገር ሲል ቃሉ ይጋጭበታል። ሌላው የሚናገረው ነገር ሳይኖረው መምህሩ ጥልቅ ሐሳብ ያለ እንዲመስለው ሆን ብሎ ያጠላልፋል። ሁለቱም ወረቀት ላይ ልቃቂት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ግን ውሉን ይዘህ ብትስበው ይተረተራል።

በወንጀል ፊልም ዓለም የመጠላለፍ ነገር የቆየ ጨዋታ ነው። በ1946 የወጣው የአሜሪካኖቹ «ዘ ቢግ ስሊፕ» ሲሠራ አዘጋጁ ሃዋርድ ሆክስ «ሾፌሩን የገደለው ማን ነው?» ብሎ ደራሲውን ሬይመንድ ቻንድለርን ቢያስጠይቀው «እኔም አላውቅም» የሚል መልስ መጣ እየተባለ ይወራል። ሰው ሁሉ በዚህ ይስቃል። እኔ ግን ሟቹ ሾፌር መሆኑ ይከነክነኛል። የባለጠጋው ገዳይ ቢሆን ተፈልጎ ይገኝ ነበር። በዘ ሎንግ ጉድ ፍራይዴይም ለንደን ውስጥ ፈንጂው መጀመሪያ የሚበላው ሾፌሩን ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ለእሱ የሚያለቅስለት አላጣም፤ ሃሮልድ ክፉ ቢሆንም ሰዎቹን ይወዳል።

ወደ ሂሱ ልመለስ። ሃያስያን መጠላለፍን ሁሉ በአንድ ሚዛን እንደማይመዝኑ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። ሮጀር ኢበርት የሚባለው ዝነኛ የቺካጎ ሃያሲ በ1975 በፊልም ሂስ የመጀመሪያውን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ይህን ፊልም በ1982 አሜሪካ ሲታይ ተመልክቶ ከፍተኛ ማርኩን፣ አራት ኮከብ ሰጠው። ይኸው ሰው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ጋይ ሪቺ የሠራውን «ሪቮልቨር» የተባለ ሌላ የእንግሊዝ ወንበዴዎች ፊልም አይቶ ግማሽ ኮከብ ጣለለት። ልብ በሉ፤ ግማሽ! ሪቮልቨር በ2005 ለንደን ውስጥ ሲወጣም ጋዜጦቹ ክፉኛ ተረባርበውበት ነበር። እሱም እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ታሪክ ነው፤ ቼዝ አለበት፣ ቁማር አለበት፣ የሰው ልጅ ጠላት ራሱ ነው የሚል ፍልስፍና አለበት። ሁለቱንም አይቻለሁ። ልዩነቱ እንዲህ ይመስለኛል፦ በሪቮልቨር የሚያውቀው አዘጋጁ ነው፤ አውቆ ይደብቅሃል። በዘ ሎንግ ጉድ ፍራይዴይ ግን የማያውቀው ሃሮልድ ነው፤ አንተም ከእሱ ጋር ትደናበራለህ። እንዲያውም ተመልካቹ ሻንጣውንና የገጠሩን ቤት ስላየ ከሃሮልድ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ነገር ግን ያየው ምን እንደሆነ አያውቅም። እንዲህ ያለው ግራ መጋባት የታሪኩ አካል ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ለዚህኛው ሙሉ ማርክ፣ ለዚያኛው «ወላጅህን ይዘህ ና»።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው ነው። ፊልሙ ለሃያስያን ዓይን ከመብቃቱ በፊት ሌላ ዓይነት ፍርድ ገጥሞት ነበር። ገንዘቡን ያወጣው የሉ ግሬድ የቴሌቪዥንና የፊልም ድርጅት ሥራው ተጠናቆ ሲቀርብለት ደነገጠ። አይ አር ኤ የሚባል ስም በሚነሣበት በዚያ ዘመን ነገሩ ያስፈራ ነበርና፣ ፊልሙን ቆራርጦ በቴሌቪዥን ለማሳየት ታሰበ። ሌላም ነገር ታሰበ። የሆስኪንስ የለንደን ሠራተኛ አነጋገር ለአሜሪካ ተመልካች አይገባም ተብሎ፣ ድምፁ ወጥቶ በሌላ እንግሊዛዊ ተዋናይ ድምፅ እንዲተካ ተወሰነ። ያውም የተመረጠው የመካከለኛው እንግሊዝ ሰው ነው! ይህ ማለት ለፈረንጅ እንዲገባ ተብሎ የመንዝን ሰው ድምፅ አውጥቶ የጎጃምን መተካት ነው። ፈረንጁ በሁለቱም አይጠቀም፤ የመንዙ ሰው ግን አፉን አጥቷል። ሆስኪንስ ይህን ሲሰማ በሕግ እከሳለሁ ብሎ ተነሣ።

ብዙ ሰው ይህን የፊልሙን ታሪክ እንደ ማጣፈጫ ያወራዋል። እኔ ግን እንደ ማጣፈጫ ላልፈው አልቻልሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ለንደን ለአንድ ትምህርት ቤት የመምህርነት ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ወረቀቴን አስተርጉሜ፣ አስመዝኜ፣ የሚጠየቀውን ሁሉ አሟልቼ ነው። የናሙና ትምህርት ስጥ ተባልሁና ሰጠሁ። ሲያበቃ ሁለት ሰዎች አስቀምጠው ዕውቀቴን አመሰገኑ፤ ሰዋስዉን ከብዙ እንግሊዛዊ በተሻለ እንደማውቀው ተናገሩ። ከዚያም በፈገግታ፣ እጅግ በትሕትና፣ «ተማሪዎቹ አነጋገርህን ለመከታተል እንዳይቸገሩ ሠጋን» አሉኝ። ደብዳቤ አልጻፉልኝም፤ የምከስበት ነገርም አልነበረም። ወደ መኪናዬ ተመለስሁ። ያን ዕለት ያሳፈርኋቸው ሰዎች ሁሉ የምላቸው ይገባቸው ነበር፤ «የት ላድርስዎ?» ለማለት የሚያስቸግር አነጋገር የለም መሰለኝ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ልጄ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የምትናገረው እንግሊዝኛ ከሃሮልድ ሻንድ ብዙም አይርቅም፤ የሰፈሯ ልጅ ናት። ባንክ ወይም የመኪና ዋስትና ድርጅት ስደውል ከዚያ ማዶ ያለው ሰው «ይቅርታ፣ እንደገና ይበሉልኝ» ሲል ሁለት ጊዜ ከሰማች እጇን ትዘረጋለች። «አባዬ፣ ስጠኝ፤ እኔ ላናግራቸው።» ስልኩን እሰጣታለሁ። ስሜን፣ የትውልድ ቀኔን፣ አድራሻዬን በእኔ ቦታ ሆና ትናገራለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ነገሩ ወዲያው ይፈጸማል። ልጄ በፍቅር ነው የምታደርገው፤ ምንም የማማርራት የለኝም። ነገር ግን ያንን የፊልም ታሪክ ያነበብሁ ዕለት የመጣብኝ ሐሳብ ይኸው ነበር፤ በኋላም ደጋግሞ መጥቶብኛል። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጉዳዬ፣ ምስሉ የእኔ ነው፤ ድምፁ ግን ተተክቷል።

ሆስኪንስን ያዳነው ሌላ ባለ ገንዘብ ነው። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ከሸሪኩ ጋር ሆኖ በ1978 ያቋቋመው ሃንድሜድ የተባለ የፊልም ድርጅት ፊልሙን ከወጣበት ወጪ ባነሰ ዋጋ ገዝቶ፣ ሳይቆረጥ፣ ከነድምፁ አወጣው። በኅዳር 1980 በለንደን የፊልም በዓል ታየ፤ በ1981 ሲኒማ ቤት ገባ። ሆስኪንስ ለእንግሊዞቹ የባፍታ ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ታጨ። በ1983 የአሜሪካ የወንጀል ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር የኤድጋርን ሽልማት ለደራሲው ለባሪ ኪፍ ሰጠ። በዚህ ላይ አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። አሜሪካኖቹ አነጋገሩ አይገባቸውም የተባለላቸው፣ አራት ኮከብና ሽልማት የሰጡት እነሱው ናቸው።

በ1999 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በሙያው ያሉትን ሰዎች ጠይቆ የምዕተ ዓመቱን 100 ምርጥ የብሪታንያ ፊልሞች ሲዘረዝር ዘ ሎንግ ጉድ ፍራይዴይ 21ኛ ወጣ። አንደኛው የ1949ኙ «ዘ ሰርድ ማን» ነበር፤ እሱም የማያውቀው ከተማ ውስጥ ገብቶ የወዳጁን ነገር የሚፈታ ሰው ታሪክ ነው። 16ኛው «ጌት ካርተር» ሆነ። ጌት ካርተር በ1971 ሲወጣ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሃያስያን ጭካኔው ዘግንኗቸው ፊታቸውን አዙረውበት ነበር። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ማርኩ ተሻሻለለት። በእኔ ዘመን ተማሪ የፈተና ወረቀቱን ይዞ «እስቲ ደግመው ይዩልኝ» ሲል እስከ ሳምንት ነበር የሚፈቀድለት።

ሃያስያኑን ካመሰገንሁ ዘንድ የጎደላቸውንም ልናገር። ስለዚህ ፊልም የተጻፈውን ስታነቡ ሁሉም የሚጨርሰው የሆስኪንስን ፊት በማድነቅ ነው። ይገባዋል። ነገር ግን ሃሮልድ ወደ ብሪክስተን የሚሄድበት አንድ ክፍል አለ። ኤሮል የሚባል ጥቁር ሰው ወሬ ያውቃል ተብሎ ቤቱ ተደርምሶ ይገባበታል፤ የሃሮልድ ቀኝ እጅ በስለት ይቆርጠዋል። ሃሮልድም ሠፈሩን እያየ የድሮው መልካም ዘመን አለፈ ብሎ ይቆጫል። ከዚያ ኤሮል ጠፋ፤ ፊልሙም ወደ ጉዳዩ ሄደ። ብዙው ሂስ ይህን ክፍል ሳይነካ ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ኤሮል ቀጥሎ የት ሄደ? ቁስሉን ማን ሰፋው? እያልሁ ሃሮልድን ለጊዜው ረሳሁት። ፊልሙ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሃሮልድ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ደራሲው አውቆ ነው ያሳየን። ለንደንን እወዳለሁ የሚለው ሰው የሚወዳት የትኛዋን ለንደን እንደሆነ እዚያ ላይ ይታያል።

ስለ ለንደን ከተነሣ፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች ፊልሙን ትንቢት ይሉታል። እኔ በየሌሊቱ ካናሪ ዎርፍ የምመላለስ ሰው እንደመሆኔ ነገሩን ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። የፊልሙ ሃሮልድ በባዶው ወደብ ላይ ሊገነባ ሲያልም፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት በገባበት በዚያው በ1981 መንግሥት የወደቡን መሬት የሚያለማ ኮርፖሬሽን አቋቋመ። የካናሪ ዎርፍ ትልቁ ሕንፃ በ1991 ቆሞ አለቀ። ሃሮልድ የ1988ቱ ኦሊምፒክ እዚያ እንዲደረግ ይመኝ ነበር፤ ያ ኦሊምፒክ ሴኡል ሄደ፤ ነገር ግን በ2012 ኦሊምፒክ በእርግጥ ምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ ገባ። በየካቲት 1996 ደግሞ አይ አር ኤ እዚያው ካናሪ ዎርፍ አጠገብ ከባድ ፈንጂ አፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ። የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት በ1998 የተፈረመውም በስቅለት ዓርብ ስለነበር እስከ ዛሬ በዕለቱ ስም ይጠራል። ይህን ሁሉ ትንቢት ማለት ግን የባሪ ኪፍን ድካም መቀነስ ይመስለኛል። ሰውየው በወጣትነቱ የስትራትፎርድ ጋዜጣ ወሬ ሰብሳቢ ነበር። መሬቱን ማን እንደሚፈልገው፣ ማን እንደሚሸጠው፣ አሸዋውን ማን እንደሚሸከመው በእግሩ ዞሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ፊልሙን መጀመሪያ የሰየመውም ስለ ስቅለት አልነበረም፤ «ዘ ፓዲ ፋክተር» ነበር ያለው። ፓዲ እንግሊዞች አይሪሹን በንቀት የሚጠሩበት ስም ነው።

የመጨረሻውን ክፍል ሳላነሣ ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። ሃሮልድ አሸነፍሁ ብሎ፣ ሊጥሉት የተዘጋጁትን አሜሪካኖች ሰድቦ፣ ከሆቴል ወጥቶ መኪናው ውስጥ ይገባል። መኪናው ይነሣል። ሾፌሩ የእሱ ሾፌር አይደለም። ከፊት ወንበር አንድ ወጣት ሽጉጥ ይዞ ብቅ ይላል፤ በኋላ ዓለም ጄምስ ቦንድ ብሎ ያወቀው ፒርስ ብሮስናን ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሙ። ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል አንድም ቃል የለም። ካሜራው የኋላ ወንበር ላይ ያለውን የሃሮልድን ፊት ብቻ ያያል። ቁጣ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ፍርሃት ይመጣል፤ ጥርሱን ያፋጫል፤ አንድ ጊዜ ፈገግ የሚል ይመስላል፤ ነገሩ ሁሉ አሁን ነው የገባው። እኔ በሌሊት በመስተዋቴ የማየው ፊት እንዲህ ነው። ሰው ታክሲ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ነጂው እንደሚያየው ይረሳል። ከሆስፒታል የሚመለስ፣ ከሥራ የተባረረ፣ አሁን ስልክ የዘጋ ሰው ፊቱ ላይ ወሬው ሁሉ ተራ በተራ ያልፋል። ሃያስያን ይህን ትዕይንት የትወና ተአምር ይሉታል። እኔ ለዚህ እማኝ መሆን እችላለሁ፤ ልክ እንደዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ አጫወትኋቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ለንደን የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። ፊልሙን በ1981 ሲኒማ ቤት ገብተው አይተውታል። በዚያን ጊዜ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሳሕን ያጥቡ ነበር፤ አብረዋቸው የሚያጥቡት አብዛኞቹ አይሪሾች ነበሩ። ያን ዓመት በጥቅምት ለንደን ውስጥ ፈንጂ ፈንድቶ ሰው በሞተ ማግሥት ከሥራ ወጥተው አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ ሁልጊዜ ሲያወሩና ሲሳሳቁ የሚሄዱት አይሪሾች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እንደ ተቀመጡ ነገሩኝ። «አፋቸውን ቢከፍቱ በድምፃቸው ይታወቃሉ» አሉኝ።

«እና አንተ መምህር፣ ድምፅ ድምፅ ትላለህ። የሃሮልድ ድምፅ ቀረ ብለህ ደስ አለህ። በዚያ ፊልም ውስጥ አይሪሹ ሲናገር ሰምተሃል? ገንዘብ ይቆጥራል፣ ይተኩሳል፣ ይወጋል፤ ያ መልከ መልካሙ ልጅ እንኳ ሽጉጡን ይዞ ዝም ነው። ስሙም አልተጻፈለትም፤ ‹አንደኛው አይሪሽ› ነው የሚለው።»

ስሙን በተመለከተ ልክ ናቸው፤ በተዋንያኑ ዝርዝር እንዲያ ነው የተጻፈው። እኔም መለስሁላቸው። ፊልሙ የሚያየው በሃሮልድ ዓይን ነው፤ ሃሮልድ ደግሞ አይሪሾቹን አዳምጧቸው አያውቅም፤ ቢያዳምጣቸው ኖሮ ፈንጂው ከየት እንደመጣ ከመጀመሪያው ቀን በገባው ነበር፤ ስለዚህ ዝምታቸው የደራሲው ጉድለት ሳይሆን የሃሮልድ ቅጣት ነው አልኋቸው። አሁንም እንደዚያው አምናለሁ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱማ የሃሮልድ ቅጣት ነው። የአውቶቡሱ ሰዎች ቅጣትስ የማን ነው?» አሉኝ።

ክርክሩ አላለቀም። ጋሼ በሚቀጥለው ወር በዚሁ ዓምድ መልስ እጽፋለሁ ብለው ዝተዋል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው እየተናገሩ የምትጽፍላቸው ልጄ ናት፤ ከአሁኑ ደብተር ገዝታለች። አዘጋጆቹ ቦታ እንዲተዉላቸው፣ የሚናገሩትንም ሳያሳጥሩ እንዲያትሙት አደራ እላለሁ።